በ80 ሺህ ብር ያገለገለ ፍሪራይድ ሳይክል፦ ለጎንደር ቁልቁለት ያዋጣል?

ወለቃ_ቁልቁለት፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ ምክር ፈልጌ ነው።

አንድ ያገለገለ ፍሪራይድ (ለዝላይና ለድንጋያማ ቁልቁለት የሚሠራ) ሳይክል እዚሁ ጎንደር ለሽያጭ ቀርቧል። ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ነው። ብራንዱን አልጠራም፤ ባለቤቱ ከዚህ መድረክ ስለማይጠፋ ይታወቃል። ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎማው 26 ኢንች ነው። የኋላው 180 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል ይወጣል። አሞርዛተሩ የሞላ እንጂ የአየር አይደለም። የፊት ፎርኩ ወፍራም፣ ፐርኖው (የጎማው መሃል ዘንግ) 20 ሚሊ። ማርሹ ከኋላ ባለ 9 ነው። ዲስክ ፍሬኑ በዘይት ይሠራል። ፍሬሙ አሉሚኒየም ቢሆንም ሳነሳው ወገቤ ተቆጥቷል። 80 ሺህ ብር ይላል።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ሱቅ ውስጥ ከዚህ በጥቂት የሚያንስ አዲስ ሳይክል አለ። ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፣ ያብረቀርቃል፣ «ኤክስትሪም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፎበታል።

የምነዳው ከቁስቋም ጀርባ ካሉት ኮረብታዎች ወደ ታች፣ አንዳንዴ ደግሞ ከኮሶዬ መልስ ከአስፋልቱ ወጥቼ በእግረኛ መንገዱ ነው። ድንጋዩን ታውቁታላችሁ። ደረጃም እዘላለሁ። ክብደቴ 72 ኪሎ ነው። የቱን ልግዛ?

ባጃጅ_አራዳ፦

80 ሺህ ከፍለህ ዳገቱን ራስህ ልትገፋው? እኔ ቁጭ ብለህ አደርስሃለሁኮ።

ቀልዴን ነው ወንድሜ። ግን ሳይክል ጠጋኙ ጋሽ ኩሽኔታ ሳያዩት ብር እንዳትቆጥር።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦

ሰላም ልጄ። ከሱቁ ሳይክል እንጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ወሬውን ማለቴ ነው። ሳይክሉም ቢሆን ያው ነው።

ሱቅ ስትገባ ቀለሙን ተወውና የኋላውን ጎማ መሃል እይ። ጥርሶቹ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ እንደ ዳዶ ተጠምዝዘው የገቡ ከሆነ ፍሪዊል የሚባለው ነው። እንዲህ ሲሆን በጥርሱ በኩል ያለው ኩሽኔታ ወደ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ እስከ ፍሬሙ ድረስ ፐርኖው ያለ ድጋፍ ይሄዳል። ማርሹ ባለ 7 ወይም ባለ 8 ከሆነ ያ ድጋፍ የሌለው ርዝመት ይብሳል። በደህና መንገድ ላይ ምንም አይልም። ከደረጃ ስትዘልበት ግን ይጎብጣል፣ ቆይቶም ይሰበራል። እኔ ጋ የጎበጠ ፐርኖ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በካሴት (ተንሸራትቶ በሚገባ የጥርስ ስብስብ) የሚሠራው ሞዞ ሌላ ነው። ጥርሶቹን የተሸከመው አካል ራሱ ውስጡ ኩሽኔታ አለው፤ ጭነቱን ዳር ላይ ይይዘዋል። ሻጩ ልዩነቱን ካላወቀ አትጨቃጨቅ፣ ጎንበስ ብለህ እይ።

ቀጥሎ ፎርኩን። የሚገባ የሚወጣውን ዘንግ ውፍረት በካሊፐር (ሚሊ በሚለካው መሣሪያ) ለካው። ርካሾቹ 28 ወይም 30 ሚሊ ናቸው። ለፍሪራይድ የተሠራ አዲስ ፎርክ 35 እና ከዚያ በላይ ነው። አንዳንዱ ሱቅ ውስጥ ከመሪው ሥርም ከላይም የሚይዝ ባለ ሁለት አንገት ፎርክ ታያለህ፤ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ስስ ዘንግ ላይ ሁለተኛ አንገት መጨመር ለዓይን ነው።

ከዚያ ትንንሾቹን ተለጣፊዎች አንብብ። ብዙዎቹ ላይ በጥቃቅን ፊደል «ለዝላይ አይሆንም» ተብሎ ተጽፏል። ትልቁ ጽሑፍ የሻጭ ነው፤ ትንሹ የፋብሪካው።

አሜሪካኖች ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የሚሉት መለኪያ አላቸው። ብስክሌትን እንደ አገልግሎቱ ከ1 እስከ 5 ይመድባል። 3 ቁጥር ከ61 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ዝላይ ነው። 4 ቁጥር ከ122 በታች። ፍሪራይድና ዳውንሂል (የቁልቁለት ውድድር ሳይክል) 5 ቁጥር ላይ ናቸው። ፍሬሙ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ቁጥሩን ፈልግ። የሱቁ ሳይክል ላይ ከሌለ ለዝላይ እንዳልተሠራ ቁጠረው።

ስላገለገለው ነገ እጽፍልሃለሁ፤ ደንበኛ መጣብኝ።

ፋሲል_ተማሪ፦

ጋሼ እናመሰግናለን። እኔ ግን ለ26 ኢንች 80 ሺህ አልከፍልም። 26 አልቆለታል። ዓለም 29 እና 27.5 ላይ ነው ያለው። ቪዲዮ ላይ የምናያቸው ልጆች ማናቸው 26 የሚነዳ? ነገ ልሽጠው ብትል ማን ይገዛሃል?

ፒያሳ_ከቫንኩቨር፦

ሰላም ለጎንደሮች። የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ አሁን ፍሪራይድ ካደገበት ከተማ ነው የምጽፈው። እዚህ ከቫንኩቨር ሰሜን ኖርዝ ሾር የሚባሉ ተራሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ልጆቹ ጫካ ውስጥ ከእንጨት ድልድይና መዝለያ እየሠሩ መንዳት ጀመሩ። ተራው ሳይክል አልቻለውም። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ወፍራም ቧንቧ፣ ረጅም ሞላ፣ ሰፊ ቸርኬ ያለው ሳይክል ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ዩታ በረሃ ውስጥ ሬድ ቡል ራምፔጅ የሚባለው የፍሪራይድ ውድድር ሲጀመርም የተዘለለው በነዚያ 26ቶች ነው። ያኔ ክብደት የሚቆጥር አልነበረም። 18 ኪሎ ተራ ነገር ነው፤ ኮና ስቲንኪ፣ ሳንታ ክሩዝ ቡሊት፣ ስፔሻላይዝድ ቢግ ሂት የዚያ ዘመን ሳይክሎች ናቸው።

ተማሪው ያልከው ለቫንኩቨር ልክ ነው። እዚህ አሮጌ 26 ዋጋው ወድቋል። የወደቀው ግን ፍሬሙ ስለደከመ አይደለም፤ የጎማው መጠን ከፋሽን ስለወጣ ነው። ጎንደር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የ26 ካላማዳሪያ ማንም ጎሚስታ ጋ ታገኛለህ። የ29 ውጫዊ ጎማ ድንጋይ ቢቀደውስ? አዲስ አበባ ደውለህ፣ በአውቶቡስ አስጭነህ፣ ጠብቀህ። ባለ 26ቱ ሳይክል እዚህ የተናቀበት ምክንያት ለእናንተ ጥቅም ነው።

ወለቃ፣ ሁለት ነገር ግን አረጋግጥ። ቢግ ሂት በብዙዎቹ ዓመታት ከፊት 26 ከኋላ 24 ኢንች ጎማ ነበረው። 24 ጎንደር ውስጥ አለ፣ ግን የልጆች ሳይክል ነው፤ ቀጭን ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰፊ 24 አታገኝም። ስለዚህ ሁለቱንም ጎማ አንብብ። ሌላው የኋላ ሞዞው ስፋት ነው። የዚያ ዘመን ፍሪራይዶች ብዙዎቹ 150 ሚሊ ናቸው። አዲሶቹ 148። 2 ሚሊ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይገባልህም። ሞዞው ከሞተ ምትኩ ከውጭ ነው።

አዲስ እንዳትመኝ ደግሞ፦ ርካሽ የሚባሉት አዲስ የአሉሚኒየም ፍሪራይዶች እንኳ ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ናቸው። የፍሬም ዋስትናቸውም በአብዛኛው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ ስምህ ደረሰኙ ላይ ከሌለ የለህበትም።

ቁስቋም_ሰላም፦

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ፍሪራይድ ያስፈልግሃል?

ከኋላ ሞላ የሌለው ሳይክል ነው የምነዳው። ፎርኩ 140 ሚሊ፣ ክብደቱ 14 ኪሎ አካባቢ። አንተ የምትለውን መንገድ ሁሉ እወርዳለሁ። ከአንተ ቀስ ብዬ ይሆናል። ግን ወደ ጎሃ ዳገት ስንወጣ አንተን ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። ጎንደር 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሳንባ ራሱ ቅናሽ አያደርግልህም። የፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ ሳይክሉን ተራራ ጫፍ የሚያወጣው የሽቦ ገመድ ሊፍት ነው። እኛ ጋ የሚያወጣው ጉልበትህ ነው።

ክረምቱንም አስብ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካው ጎማና ፍሬሙ መሃል ሲሞላ ሳይክል መንዳት ቀርቶ መግፋትም አይቻልም፤ ተሸክመህ ትመለሳለህ። 14 ኪሎ መሸከምና 18 ኪሎ መሸከም አንድ አይደለም። ያ ጭቃ ከኋላ ያሉትን መገጣጠሚያዎች በሙሉ ይገባባቸዋል። እኔ የኋላ መገጣጠሚያ ኩሽኔታ የለኝም፤ አይገባብኝም።

ባጃጅ_አራዳ፦

እህቴ ዳገቱን ለኛ ተይልን። ባጃጅ ኋላ ላይ በገመድ አሥሮ ማውጣት ይቻላል፣ አድርጌዋለሁ። ጎማውን ብቻ አውልቁ።

ቁስቋም_ሰላም፦

ኧረ እናውቃለን! ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነን ኮሶዬ ወርደን እናውቃለን። ግን ሁልጊዜ ሒሳብ አለ። ረዳቱ ለሳይክሉ ከሰው በላይ ነው የሚያስከፍለው።

ወለቃ_ቁልቁለት፦

ሰላም፣ አነጋገርሽ ገብቶኛል። ግን ደረጃና ጉድጓድ ላይ ስዘል ከኋላ ሞላ በሌለው ሳይክል ወገቤም ቸርኬዬም አልቋል። አሁን ያለኝን የኋላ ቸርኬ ሳስጠግን ነው የምኖረው። መውረድ ነው የምወደው፤ መውጣቱን እገፋለሁ፣ አላፍርም።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦

እንዲህ ከሆነ እንቀጥል። ልጅቷ ያለችው እውነት ነው፤ አንተ ግን ምን እንደምትፈልግ ታውቃለህ።

ያገለገለ ሳይክል ልታይ ስትሄድ ጨርቅ፣ ማስመሪያ፣ የአለን ቁልፎችና የእጅ ባትሪ ያዝ። በቀን ሂድ። ማታ በስልክ መብራት ያየኸው ሳይክል ቀን ሌላ ይሆናል።

ፍሬሙን አስቀድም። ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ፍሬም ግን አይቀየርም። የመሪው አንገት ጀርባ ላይ፣ በታችኛው ቧንቧ ሥር ያለውን ጭቃ በጨርቅ ጥረገው። ብየዳው ዳር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ትፈልጋለህ። ቀለም ብቻ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፣ ቧንቧውም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ከሁለቱም አልገዛም። አሞርዛተሩ ፍሬሙን የሚይዝበት ጆሮ፣ የኋላው ክንድ (የኋላ ጎማውን የያዘው) የሚዞርበት ቦታ፣ የኮርቻው ዘንግ የሚያልቅበት አካባቢ፣ እነዚህን ሁሉ በባትሪ እይ። ብረት ከአቅሙ በታች እስከሠራ ድረስ ብዙም አይደክምም። አሉሚኒየም ግን በእያንዳንዱ ዝላይ ትንሽ ትንሽ ይደክማል፣ ድካሙንም አይናገርም። ስለዚህ ሻጩን ዕድሜውን ሳይሆን እንዴት እንደነዳው ጠይቀው።

በኋላ የተበየደ ካየህ ሰላም ብለህ ውጣ። እኛ ጋ ጥሩ በያጅ ሞልቷል፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ብዙዎቹ ፍሬሞች 6061 ከሚባለው አሉሚኒየም ናቸው፤ እሳት የነካው ቦታ ይለሰልሳል። ፋብሪካው ከበየደ በኋላ ፍሬሙን በሙሉ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ጥንካሬውን ይመልሳል። እኛ ጋ ያ ምድጃ የለም።

ፍሬሙ ደህና ከሆነ የኋላውን ክንድ ፈትሽ። ኮርቻውን ይዘህ ቀስ ብለህ ከፍ አድርገው። ጎማው ከመሬት ከመነሳቱ በፊት ኮርቻው ትንሽ ከፍ ካለና «ቋ» ካለ የሆነ ቦታ ተበልቷል። የት እንደሆነ ለማወቅ የአሞርዛተሩን አንድ ብሎን አስፈታና ክንዱን በእጅህ አንቀሳቅስ። ያለምንም ኩርኩር መሄድ አለበት። ወደ ጎን ስትገፋው መወዝወዝ የለበትም። ሻጩ አልፈታም ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

ኩሽኔታ ቢበላ አትፍራ፣ ስሜን ያወጣሁት በከንቱ አይደለም። ፊቱ ላይ ቁጥር አለ፣ አንብብልኝ። 608 ወይም 6001 ከሆነ የሞተር ሳይክልና የኤሌክትሪክ ሞተር ዕቃ የሚሸጡት ጋ ይገኛል። 608 ማለት ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ነው። 6001 ደግሞ 12፣ 28፣ 8። ቀጫጭኖቹ፣ 6902 የመሳሰሉት፣ ያስቸግራሉ፤ 15፣ 28፣ 7 ናቸው። ውጪው ከ6001 ጋር እኩል ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። ስትገዛ በሁለት በኩል ጎማ ክዳን ያለውን በል፣ አለዚያ ዋልካው በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። በኩሽኔታ ፋንታ ቦኮላ (ኳስ የሌለው ተራ ቀለበት) ከሆነ ደግሞ ቶርኖ ቤት ያወጣልሃል።

የማያወጣልህ አሞርዛተሩን ነው። ኮርቻው ላይ ተጫነውና ልቀቀው። በዝግታ፣ እየተነፈሰ ከተመለሰ ደህና ነው። እንደ ኳስ ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ዘይቱ አልቋል፤ የቀረህ ሞላ ብቻ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን ጋዝ ያለው ነው፣ እኔም አልከፍተውም። ዘንጉ ላይ ጭረት ወይም የዘይት ቀለበት ካለ ያው ነው።

የሞላ መሆኑን ወድጄዋለሁ። የአየሩ ቀላል ነው፣ ያማረ ነው፣ ግን ትንሽ አየር በከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ የራሱ የእጅ ፓምፕ ከሌለህ ጎሚስታው አይረዳህም። ሞላው ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ታያለህ፣ ለምሳሌ 450 እና 3.0። የመጀመሪያው በአንድ ኢንች ስንት ፓውንድ እንደሚችል፣ ሁለተኛው ስንት ኢንች እንደሚታጠፍ ነው። የመከላከያ ልብስህን ለብሰህ ተቀመጥበትና የአሞርዛተሩን መውረድ ለካ። ለፍሪራይድ ከጠቅላላው 30 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ጥሩ ነው። የ76 ሚሊ አሞርዛተር ከሆነ 23 ሚሊ ያህል። 10 ብቻ ከወረደ ሞላው ከአንተ በእጥፍ ለሚከብድ ሰው ነው።

ፎርኩን በጥፍርህ። የሚያብለጨልጨውን ዘንግ ከላይ ወደ ታች በጥፍርህ ፋቀው። ጥፍርህ የሚይዝበት ቦታ ካለ ያ ጭረት ጎሚኒውን (ዘይቱን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ይበላዋል፣ አዲስ ብትቀይርም ይበላዋል።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ። 12 ሙሉ መገጣጠሚያ ስትለካ አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊ ነው። 308 ከደረሰ ሰንሰለቱ ብቻ ሳይሆን ጥርሶቹም አብረው ሄደዋል።

በቃኝ። እጄ ደከመ።

ፋሲል_ተማሪ፦

ጋሼ ይህን ያህል ጽፈው ያውቃሉ? በነገራችን ላይ ከፍታው የአየር ፎርክን ያበላሻል የሚባለው እውነት ነው? ከባሕር ጠለል የመጣ ሳይክል እዚህ ሲደርስ ይነፋል አሉ።

ፒያሳ_ከቫንኩቨር፦

የጎንደር ከፍታ ላይ የውጭው አየር ከባሕር ጠለል በ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ፎርክህ ውስጥ 70 ወይም 80 ካለ 3ቱ ምን ያደርግሃል? እርሳው።

የአክሊሉ_ባለ26፦

ሰላም። ሳይክሉ የኔ ነው። ገና የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳይ አወቅሁት።

እንዳላስቀይም እንጂ ሰው ሳያየው ዋጋ ማውረድ ደስ አይልም። ወንድሜ ካናዳ ሆኖ የገዛው ነው። እሱ ብዙም አልነዳውም፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዘዞ ነው የምሄድበት። ብየዳ የለውም። ብሎኑን ፍታ ብትለኝ እፈታለሁ፣ የምደብቀው ነገር የለኝም። ጋሽ ኩሽኔታንም ይዘህ ና። ቡናውን አፈላለሁ።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦

እንዲህ ነው የጎንደር ልጅ። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ።

ወለቃ_ቁልቁለት፦

ሄደን አየነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ብየዳ ሲያዩ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ያገኘነውን ልጻፍ።

ፍሬሙ ንጹህ ነው። ስንጥቅም ብየዳም የለም። ታችኛው ቧንቧ ላይ ድንጋይ የመታው አንድ ጉድጓድ አለ፣ ጋሼ በጣታቸው ዳብሰው «ይህ ቆዳ ነው፣ አጥንት አልነካም» አሉ። ሁለቱም ጎማዎች 26 ናቸው። የኋላው ሞዞ 150 ሆኖ ተገኘ፤ ፒያሳ ልክ ብለሃል። ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ይወዛወዛል፣ ሞዞው ራሱ ግን ደህና ነው። በካሴት የሚሠራ ነው።

ኮርቻውን ስናነሳ «ቋ» አለ። ብሎኑ ሲፈታ የክንዱ ኩሽኔታዎች 6001 ሆነው አገኘናቸው፣ ሁለቱ ኩርኩር ይላሉ። የአሞርዛተሩ ጆሮ ውስጥ ያለው ቦኮላም ተበልቷል። አሞርዛተሩ ራሱ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ዘንጉ ላይ የፈሰሰ ዘይት የለም። ስቀመጥበት 21 ሚሊ ወረደ። ፎርኩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ነገር አልተገኘም።

የኋላው ቸርኬ ግን ጎድጉዷል፤ የሽቦው ቀዳዳ 36 ነው። ሰንሰለቱ 308 ሞልቷል። የኋላ ፍሬን ሲጨበጥ እስከ መሪው ይመጣል። ዲስኩ 1.7 ሚሊ፣ ላዩ ላይ ዝቅተኛው 1.5 ይላል።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦

ባለ 36 መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ተራ ሳይክሎች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ባለ 36 ቸርኬ ነው። ድርብ ግድግዳ ያለውን መርጠህ እኔ እጠልፍልሃለሁ። ባለ 32 ቢሆን ኖሮ ከውጭ አስመጣ እልህ ነበር።

ባጃጅ_አራዳ፦

የፍሬን ዘይቱን እኔ አውቃለሁ። ዶት 4 ከስፔር ሱቅ ግዛ፣ ጨምርበት፣ አለቀ።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦

አትጨምር! መጀመሪያ ማንሻው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። የሳይክል ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ መኪናው ዶት ይጠጣል፣ ሌላው የማዕድን ዘይት። የማዕድኑ ላይ ዶት ከጨመርክ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ማንሻውን ከነካሊፐሩ ትጥለዋለህ። ይህኛው የማዕድን ነው፤ ክዳኑ ላይ አይቼዋለሁ።

የአክሊሉ_ባለ26፦

ወንድሜ አብሮ የላከው የማዕድን ዘይት ግማሽ ጠርሙስ አለኝ። እሰጥሃለሁ።

ቁስቋም_ሰላም፦

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ሞዞ ኩሽኔታ፣ የክንድ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ቸርኬ ከነሽቦው፣ ሰንሰለት፣ ካሴት፣ የጋሼ የእጅ ዋጋ። 80 ላይ ይህ ሁሉ ሲጨመር ሳይክሉ 80 አይደለም። 60 በል።

የአክሊሉ_ባለ26፦

60 አይሆንም እህቴ። የሱቁን አዲስ ሳይክል 60 ትገዢዋለሽ? እሱ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ፐርኖው ጎብጧል እያላችሁኝ ነው እኮ።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ የማየው እንዲህ ነው። የተበላሸው ሁሉ እዚሁ ጎንደር የሚሠራ ነው፦ ኩሽኔታው ከሱቅ፣ ቦኮላው ከቶርኖ፣ ቸርኬው ከኔ። የማይሠራው ፍሬሙ፣ አሞርዛተሩና ፎርኩ ነበር፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። የሱቁ ሳይክል ተቃራኒው ነው። ዛሬ ሁሉም ነገሩ ይሠራል፣ ሲሰበር ግን የሚሰበረው ፍሬሙና ፎርኩ ነው። ስለዚህ ለዚህኛው 65 ብትከፍል አልቀየምህም። 80 ግን ለተጠገነ እንጂ ለሚጠገን አይደለም።

ፋሲል_ተማሪ፦

ጋሼ ጥሩ ዳኛ ናቸው። እኔ አሁንም 29 እላለሁ።

የአክሊሉ_ባለ26፦

70 በሉና ጋሼን አከብራለሁ። መሪውን፣ ፔዳሉንና ዘይቱን ጨምሬ።

ወለቃ_ቁልቁለት፦

67፣ የጉልበት መከላከያውንም ጨምረህ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ።

የአክሊሉ_ባለ26፦

ዓይንህ አያርፍም! እሺ 67። ነገ ና። ወረቀቱንና ከፔዳሉ ሥር ያለውን የፍሬም ቁጥር አንድ ላይ እንጽፋለን፣ ኋላ ማንም እንዳይጠይቅህ።

ፒያሳ_ከቫንኩቨር፦

እንኳን ደስ አለህ። አንድ ነገር ሁላችሁም ረሳችሁ። የኋላ ማርሹን ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ አለ፣ ሃንገር ይሉታል። ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጎ ይሠራል፤ ድንጋይ ሲመታው ፍሬሙ ከሚሰበር እሱ እንዲሰበር። ቅርጹ ለእያንዳንዱ ፍሬም የተለየ ነው። ያንን ድንጋያማ መንገድ አውቀዋለሁ፣ መሰበሩ አይቀርም። የዚያ ዘመን ሃንገር ደግሞ እዚህም እየጠፋ ነው። ከሁለት በኩል ፎቶ አንሳና ከአጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጥ። የብሎኑን ቀዳዳ ርቀትም ለካልኝ።

ወለቃ_ቁልቁለት፦

ነገ ሳይክሉን እንደወሰድኩ አነሳዋለሁ። ካገኘህ ሁለት ላክልኝ፣ ሒሳቡን ለእናትህ አደርሳለሁ።

ጋሽ_ኩሽኔታ፦

ሁለቱ ሲመጡ አንዱን ለእኔ ስጠኝ፣ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀርጸዋለሁ። ቸርኬውን ረቡዕ አምጣው፤ ሽቦውን እስከዚያ እቆርጣለሁ። ስትመጣ ጭቃውን አጥበህ ና።